የአራስ ኀዘንና መድኃኒቱ

አንዲት ሴት በሰላም በተገላገለች ጊዜ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ቃል ከደጅ እስከ ጓዳ ይሰማል፤ እልልታው እንደ አገሩ ልማድ ተቆጥሮ ይደርሳል፤ ገንፎው ይገነፋል፣ መካከሉም ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ይሞላል፤ አጥሚቱ ከምድጃ አይወርድም፤ ብርድ እንዳይመታት በሩ ይዘጋል፤ ክፉ መንፈስ እንዳይተናኮላት ከራስጌዋ ብረት ይቀመጣል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብቻዋን እንዳትሆን እናት ወይም እኅት ወይም ጎረቤት በተራ ከአጠገቧ ይውላል፣ ያድራል። ይህም ሥርዓት ወንድ የወለደች በአርባ፣ ሴት የወለደች በሰማንያ ቀን ሕፃኑን ይዛ ለክርስትና ወደ ቤተ ክርስቲያን እስክትሄድ ድረስ ይጠበቃል፤ ቍጥሩ በኦሪት ዘሌዋውያን የተደነገገ ሲሆን፣ መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ አዳም በአርባኛው ሔዋን በሰማንያኛው ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን ጠቅሶ ምክንያቱን ይተርካል። አበው ይህን ሁሉ የሠሩት የወለደች ሴት በሕይወትና በሞት መካከል እንደምትቆም ስላወቁ ነው። ነገር ግን ጥበቃው በይበልጥ ከውጭ የሚመጣውን ለመከላከል የተሠራ ስለ ሆነ፣ ከውስጥ የሚነሣውን፣ ገንፎው ፊቷ ቀርቦ የማያስጎርሳትን፣ ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ እርሷን የማያስተኛትን ኀዘን የሚጠይቅ ሰው በአራስ ቤት ውስጥ እምብዛም አይገኝም። «ልጅ ሰጥቶሽ ምን ያስለቅስሻል?» ከተባለችስ በኋላ የትኛዋ ደፍራ ትናገራለች?

ኀዘኑ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከወለዱ ሴቶች ከግማሽ የሚበልጡት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ገደማ ሆድ ይብሳቸዋል፣ ዕንባቸው ያለ ምክንያት ይመጣል፣ ደግሞም ወዲያው ይስቃሉ፤ ይህ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ የሚያልፍ ስለ ሆነ ዕረፍትና የሰው ፍቅር ይበቃዋል። ሁለተኛው ሐኪሞች ድባቴ ብለው የሚጠሩት ሲሆን፣ ከሁለት ሳምንት አልፎ የሚዘልቅ፣ የምግብን ጣዕም፣ የእንቅልፍን ዕረፍት፣ የኅሊናን ብርታት የሚነሣ፣ ይባስ ብሎም «እኔ ለዚህ ልጅ እናት ልሆን አይገባኝም፤ ብሞት ይሻለዋል» የሚያሰኝ ሕመም ነው። ሦስተኛው ከ1,000 ወላዶች በአንዲቱ ወይም በሁለቱ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በድንገት የሚነሣው የአእምሮ መታወክ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗ ሳይከደን የምታድር፣ የሌለ ድምፅ የምትሰማ፣ ስለ ሕፃኑ እንግዳ ነገር የምትናገር አራስ ነገ ዛሬ ሳይባል በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለባት። ስለዚህኛው ይህ ይበቃል፤ የጽሑፋችን ጉዳይ ሁለተኛው ነውና።

ድባቴው ከወሊድ በኋላ ብቻ የሚመጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ዳሩ ግን ከታመሙት እናቶች ብዙዎቹ ሕመማቸው የጀመረው ገና ነፍሰ ጡር ሳሉ ነው። ሉዊ ቪክቶር ማርሴ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1858 ስለ ነፍሰ ጡሮች፣ ስለ አራሶችና ስለ አጥቢዎች የአእምሮ ሕመም ሰፊ መጽሐፍ ሲጽፍ ሦስቱን አንድ ላይ ያኖራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ100 ነፍሰ ጡሮች 10 ያህሉ፣ ከ100 ወላዶች 13 ያህሉ በአእምሮ ሕመም፣ በተለይም በድባቴ ይያዛሉ፤ በታዳጊ አገሮች ደግሞ ቍጥሩ ከፍ ብሎ በእርግዝና ጊዜ ወደ 15.6፣ ከወሊድ በኋላ ወደ 19.8 ይደርሳል።

የብዙዎች ታሪክ የተጠራቀመባትን አንዲት ሴት እናስብ፤ ስም አንሰጣትም። በአዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖር፣ ከማግባቷ በፊት በከባድ ድባቴ ታማ ሰርትራሊን በሚባል ክኒን የዳነች፣ ሐኪሟም እንዳዘዘችላት እስካሁን በየማለዳው አንዲት ክኒን የምትውጥ ናት። ማርገዟን ያወቀች ዕለት፣ ለባሏ እንኳ ሳትነግር፣ የክኒኑን ካርቶን ከቁም ሣጥን አውጥታ ጣለችው። ያዘዛት ሰው አልነበረም፤ ፍቅርና ፍርሃት አንድ ላይ ሆነው አዘዟት እንጂ። የሥነ ፍጥረቱ አካሄድ ግን ከእርሷ ውሳኔ ቀድሞ ነበር፤ የፅንስ ልብ ከተፀነሰ በሦስት ሳምንት ገደማ መምታት ይጀምራልና፣ ዋና ዋናዎቹም የአካል ክፍሎች እስከ ስምንተኛው ሳምንት ድረስ መልክ ይይዛሉና፣ ብዙ ሴት ወር አበባዋ መቅረቱን አስተውላ እስክትመረመር ድረስ ልትከላከለው ያሰበችው ጊዜ እኩሌታው አልፏል። ድንገት ማቋረጡ ያመጣባት ነገር ቢኖር በመጀመሪያ ራስ ማዞርና መቃዠት፣ ቆይቶም የተሸነፈው ሕመም መመለስ ነው።

ፍርሃቱን ግን አላዋቂነት ብሎ ማቃለል አይገባም፤ ታሪክ አለውና። ታሊዶማይድ የሚባለው የእንቅልፍ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በምዕራብ ጀርመን ያለ ሐኪም ማዘዣ ሲሸጥ፣ የእርግዝና ማቅለሽለሽንም ስለሚያስታግስ ነፍሰ ጡሮች ይወስዱት ነበር፤ በኅዳር 1961 ከገበያ እስኪነሣ ድረስ ወደ 10,000 የሚገመቱ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ያሉ እናቶችም ሐኪሞችም ነፍሰ ጡር የምትውጠውን ክኒን ሁሉ በጥርጣሬ ቢያዩ አይፈረድባቸውም።

የድባቴ መድኃኒቶች የተገኙትም በዚያው ዘመን ነው፤ የተገኙትም ሳይፈለጉ ነው። በኒው ዮርክ በሲ ቪው ሆስፒታል የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1952 አይፕሮኒያዚድ የተባለ መድኃኒት ሲሰጣቸው፣ ሞት የሚጠብቁ ሰዎች ተነሥተው በክፍሉ ውስጥ መጨፈር ጀመሩ። በስዊዘርላንድ በቦደን ሐይቅ ዳር ባለችው በሙንስተርሊንገን ደግሞ ዶክተር ሮላንድ ኩን ለሌላ የአእምሮ ሕመም ታስቦ የመጣላቸውን ኢሚፕራሚንን በድባቴ ለታመሙት ሞክረው ፈውሱን ስላዩ እ.ኤ.አ. በ1957 ለዓለም አስታወቁ። የእርሱ ዘመድ የሆነው አሚትሪፕቲሊን በእኛም አገር ጤና ጣቢያዎች የታወቀ ነው፤ መጠኑ ከልክ ካለፈ ግን ልብን ስለሚያቆም፣ ሞት ሞት በሚላት ሴት እጅ ብዙ ክኒን ባይቀመጥና ቤተሰብ ቢይዝላት ይሻላል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመጡት ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ከዚህ አደጋ በእጅጉ የራቁ ናቸው።

ወደ ሴቲቱ እንመለስ። በአምስተኛው ወር ድምፅዋ በስልክ መለወጡን የሰሙት እናቷ ከደብረ ብርሃን መጥተው አብረዋት ወደ ሐኪም ሄዱ። እኒህ እናት ጸበሉንም ስዕለቱንም አስቀድመው ያዳረሱ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በወንበሩ ጫፍ የተቀመጡ ሴት ናቸው። ሐኪሟ መድኃኒቱን እንደ ገና መጀመር እንደሚያስፈልግ በነገረቻቸው ጊዜ፣
«ዶክተር፣ ልጄን አልከለክልም፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ግን ምን በደለ?» አሉ።
«ጥያቄዎ ትክክል ነው፣ እማማ። ልጅዎ ደኅና አድርጋ ከበላች ስንት ጊዜ ሆናት?»
«እኔ እየለመንኩ ካላጎረስኋት አትበላም።»
«እንግዲያው ፅንሱም አብሯት እየጾመ ነው» አለች ሐኪሟ።

በዚህ ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሚዛኑን በአንድ ወገን ብቻ ስለሚጭነው ይመስለኛል። በአንደኛው ወገን መድኃኒቱ ይጫናል፣ በሁለተኛው ወገን ግን ምንም የለም ተብሎ ይታሰባል፤ እውነቱ ግን በሁለተኛው ወገን ሕመሙ ተቀምጧል። ያልታከመ ድባቴ ያላት ነፍሰ ጡር ምግቧን ትተዋለች፣ ክትትሏን ታቋርጣለች፣ ያለ ጊዜው የመውለድ አደጋ ከፍ ይልባታል፤ ከወለደች በኋላም ሕፃኑን ዐይን ለዐይን ማየት፣ ማጫወት፣ ሲያለቅስ መነሣት ይከብዳታል። በእንግሊዝ አገር የእናቶችን ሞት አንድ በአንድ የሚመረምሩት ባለሙያዎች፣ ከወለዱ ስድስት ሳምንት ካለፋቸው እስከ አንድ ዓመት ድረስ ባሉት እናቶች ዘንድ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በቀጥታ ከተያያዙት የሞት ምክንያቶች ቀዳሚው ራስን ማጥፋት መሆኑን ደጋግመው መዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በ201 ነፍሰ ጡሮች ላይ በታተመ ጥናት ደግሞ መድኃኒታቸውን ካቋረጡት ከ100 በ68ቱ ሕመሙ ሲመለስ፣ ካላቋረጡት ግን በ26ቱ ብቻ ተመልሷል። እነዚህ ሴቶች ቀድሞ ሕመማቸው የጠናባቸውና በልዩ ክሊኒክ የሚታከሙ ስለ ነበሩ፣ ሕመሟ ቀላል የነበረች ሴት በዚህ ቍጥር ልትፈራ አይገባም፤ ባለታሪካችን ግን ከነርሱ ወገን ናት።

መድኃኒቱ በተጫነበት ወገን ያለውም በትክክል ይቈጠር። መድኃኒት ፈጽሞ ያልነካት እናት እንኳ ብትሆን ከ100 ሕፃናት 3 ያህሉ ከአንዳች የአካል ጉድለት ጋር ይወለዳሉ፤ ስለዚህ ጥያቄው ክኒኑ በዚህ ላይ ይጨምራል ወይ የሚል ነው። በአሜሪካ ወደ 950,000 የሚጠጉ እርግዝናዎች ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ውጤት፣ የእናቶቹ ሕመምና ኑሮ ከግምት ከገባ በኋላ፣ እነዚህ መድኃኒቶች የፅንስን ልብ የመጉዳት አደጋ እምብዛም እንደማይጨምሩ አሳይቷል፤ ከመካከላቸው ፓሮክሰቲን ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ማስጠንቀቂያ ስለ ወጣበት ሐኪሞች በእርግዝና ጊዜ አዲስ ሊጀምሩት አይወዱም። በእርግዝና መጨረሻ የተወሰደ እንደ ሆነ የአራስ ሕፃንን የሳንባ ደም ሥር የሚያጠብ ከባድ ነገር ግን ብርቅ የሆነ ሕመም ከ1,000 ሕፃናት በ2 ገደማ የነበረው ወደ 3 ገደማ ከፍ ሊል ይችላል። ከ10 ሕፃናት ደግሞ በ3 ያህሉ በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንቀጥቀጥ፣ መነጫነጭና ጡት ለመያዝ መቸገር ይታያል፤ ይህም በቀናት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ያልፋል። ከዚህ ሁሉ እጅግ የሚከፋው መድኃኒት የድባቴ መድኃኒት አይደለም፤ ለሚጥል በሽታና ለስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚታዘዘው ቫልፕሮዬት ነው፤ እርሱን የምትወስድ ልጅ ልትወልድ የምትችል ሴት ሁሉ ሳትውል ሳታድር ሐኪሟን ታነጋግር። የስሜት መዋዠቅ ያለባት ሴት ደግሞ የድባቴ ክኒን ብቻውን ከተሰጣት ወደ ሌላው ጫፍ ሊያስወጣት ስለሚችል፣ ጥንቁቅ ሐኪም ከማዘዙ በፊት «ሳትተኚ ጉልበት የሚሰማሽ፣ ሐሳብሽ የሚሮጥበት ጊዜ ነበረ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሐኪሟ ይህን በሚገባቸው ቃል ከዘረዘረች በኋላ ሴቲቱ ራሷ ወሰነች፤ እናትዮዋም ክኒኑን በየማለዳው ከቁርስ ጋር የሚያቀርቡ ሆኑ። ወሩ እየገፋ ሲሄድ በእርግዝና ምክንያት ደሟ ስለሚበዛና ጉበቷም መድኃኒቱን አፋጥኖ ስለሚያስወግድ፣ የሚሠራው መጠን አንሶ ከሆነ ተብሎ በየክትትሉ ትጠየቅ ነበር። ለውጡ እንደ ራስ ምታት ክኒን በሰዓታት የሚታይ አይደለም፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል፣ ከዳኑም በኋላ ቢያንስ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል።

ጥያቄው በወተቱ ጊዜ እንደ ገና ይነሣል። «ወተትሽ እንዳይመረዝ» የማትል ጎረቤት የለችም። ሕፃኑ በእናቱ ጡት ወተት የሚያገኘው የሰርትራሊን መጠን በክብደቱ ሲሰላ አብዛኛውን ጊዜ ከእናቱ መጠን ከመቶ 2 እጅ አይሞላም፤ ሊቃውንቱ በአጠቃላይ እስከ 10 እጅ ያለውን የሚፈቀድ ያደርጉታል። ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ቢሆንም በእርሱ የዳነች እናት ለማጥባት ስትል ልትለውጠው አትገደድም፤ ሕፃኑ መጥባቱና ክብደት መጨመሩ እየታየ ትቀጥላለች።

በዚህ ስፍራ ስለ ሆርሞን ጥቂት ማለት ይገባል። የእንግዴ ልጁ በወጣ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ በእርግዝና ጊዜ እጅግ ከፍ ብለው የነበሩት ኤስትሮጅንና ፕሮጀስትሮን በአንድ ጊዜ ይወድቃሉ። ይህ መውደቅ ለሁሉም ሴት አንድ ሆኖ ሳለ ጥቂቶቹን ብቻ ለምን ያሳምማል? እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት ስምንት ቀድሞ የአራስ ድባቴ የነበረባቸውና ስምንት ያልነበረባቸው ሴቶች፣ ሳያረግዙ በመድኃኒት ሆርሞናቸው እንደ እርጉዝ ከፍ እንዲል ከተደረገ በኋላ በድንገት ሲቋረጥባቸው፣ ከመጀመሪያዎቹ አምስቱ ታወኩ፤ ከሁለተኞቹ ግን አንዲትም አልታወከችም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሕመሙ የምስጋና ማጣት ወይም የእምነት ጉድለት ነው ለሚሉት በቂ መልስ ይመስለኛል። ከዚሁ ከሆርሞን ምርምር ዘርፍ የተወለዱ መድኃኒቶችም በአሜሪካ ተፈቅደዋል፤ በ2019 ለ60 ሰዓት በደም ሥር ይንጠባጠብ የነበረው ብሬክሳኖሎን፣ በ2023 ደግሞ ለ14 ቀን የሚዋጠው ዙራኖሎን። ዋጋቸው ከእኛ ጤና ጣቢያ እጅግ የራቀ ስለ ሆነ እናልፋቸዋለን።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በቡታጅራ የተደረገው ምርምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተመሠረተው የገጠር ጤና ጥናት ማዕከል የኢትዮጵያና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ተከታትለው ነበር። በእርግዝናቸው ጊዜ በጭንቀትና በድባቴ የተያዙት ምጣቸው ከ24 ሰዓት በላይ የመርዘሙ፣ ጡት ማጥባትም የመዘግየቱ ነገር ከፍ ብሎ ታየ፤ በሕፃናቱ ክብደት ላይ ግን ልዩነት አላገኙም። በአራስ ሥርዓቱ ላይ ያደረጉት ጥናት ደግሞ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ነው፤ በድህነት ወይም በጠብ ምክንያት ገንፎው ያልተገነፋላት፣ ዘመድ ያልመጣላት፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ውኃ ቅዳት የወጣች ሴት፣ ሌላዋ ስትከበር እርሷ መጣሏን ታየዋለችና፣ ሥርዓቱ ራሱ ባለመፈጸሙ ያቆስላታል።

የመመርመሪያው ነገርም በዚያው ተፈትኗል። በዓለም የታወቀውን የኤድንብራ መጠይቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጡት ጆን ኮክስ አስቀድመው በኡጋንዳ በካምፓላ አጠገብ ያሉ እናቶችን ያጠኑ ሐኪም ናቸው። አሥር ጥያቄዎች ያሉት ይህ መጠይቅ በአዲስ አበባ ሴቶች ዘንድ ደኅና ሲሠራ፣ በቡታጅራ ገጠር ግን አልሆነም፤ እዚያ የተሻለው ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ እጅ መንቀጥቀጥ አዎን ወይም አይደለም በሚያሰኙ 20 ጥያቄዎች የሚጠይቀው የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ሆነ። የገጠሯ እናት ኀዘኗን በሥጋዋ በኩል ትናገራለች፤ ለራስ ምታቷ ማስታገሻ ተሰጥቷት ስትመለስ ሕመሙ አብሯት ይመለሳል።

ሕመሙ ቀላልና መካከለኛ ለሆነባት መድኃኒት የመጀመሪያው በር አይደለም። በፓኪስታን በራዋልፒንዲ ገጠር የአእምሮ ሐኪም ያልሆኑ የመንደር ጤና ሠራተኞች ሠልጥነው የታመሙትን እናቶች በየቤታቸው እየሄዱ ሲያነጋግሩ፣ ከወለዱ ስድስት ወር ላይ ድባቴው ያልለቀቃቸው ከ100 ሴቶች 23 ብቻ ሆኑ፤ ይህን ትምህርት ያላገኙ ሠራተኞች በጎበኟቸው ዘንድ ግን 53 ነበሩ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም መመሪያ አድርጎ አወጣው። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው መርሐ ግብር በየቀበሌው የተመደቡት የእኛዎቹ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ተመሳሳይ ቤት ለቤት ሥራ ይሠራሉና፣ ይህን ትምህርት ቢጨምሩበት መንገዱ እንግዳ አይሆንባቸውም፤ ምንም እንኳ የተሸከሙት ሥራ ከወዲሁ የበዛ ቢሆን።

እናቲቱን ለመጠየቅ ጊዜውም ስፍራውም ተዘጋጅቶ አለ። ሕፃኑ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣል፤ የመጀመሪያውም የወንዱ ክርስትና ከተነሣ በሁለት ቀን ልዩነት ላይ ይውላል፤ አራስ ቤቱ ተፈትቶ፣ ዘመድ ወደየአገሩ ተመልሶ፣ እናቲቱ ብቻዋን የቀረችበት ሳምንት ነው። እርሷ ልጁን አቅፋ በሰልፍ ትቆማለች፤ ልጁ ይመዘናል፣ ይወጋል፣ በካርዱ ላይ ይጻፍለታል። በሌላ አገር እናቲቱም ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ትጠየቃለች፤ ባለፈው ወር መከፋትና ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶሽ ያውቃል? ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ደስ ማለቱን አቁሟል? እኔ ብጠየቅ በቡታጅራ የታየውን ተከትዬ ሦስተኛ እጨምርበታለሁ፤ ልጁ ተኝቶ ሳለ አንቺ ትተኛለሽ?